የፎቶግራፉ ጀርባ

ስለ ፎቶግራፍ ከተጻፉ መጻሕፍት መካከል እጅግ ከተነበቡት በአንዱ ውስጥ አንድም ፎቶግራፍ የለም። ሱዛን ሶንታግ እ.ኤ.አ. በ1977 «ስለ ፎቶግራፍ» ብላ የሰበሰበቻቸው መጣጥፎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ጽሑፍ ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የሌሎችን ሥቃይ ስለ ማየት ያሳተመችው መጽሐፍም የጦርነት ፎቶዎችን አንድ በአንድ እየጠራ ይመረምራል እንጂ አንዱንም አያሳይም። ለብዙ ጊዜ ይህ የኅትመት ወጪ ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። የሌሎችን ደራስያን መጻሕፍት ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳነብ ግን ፎቶን መንፈግ ራሱ አንድ የሂስ አቋም መሆኑን ተረዳሁ። ይህ ዳሰሳ የሚያነሣውም ያንኑ አቋም ነው፤ ፎቶግራፍ አጠገቡ ከሚቆመው ቃል ምን ይፈልጋል? ቃሉንስ የሚጽፈው ማን ነው?

ከሁሉ በላይ ያቆመኝ ሮላን ባርት ነው። ፈረንሳዊው ሃያሲ እናቱ እ.ኤ.አ. በ1977 ካረፈች በኋላ ፎቶዎቿን ከመብራት ሥር እያገላበጠ ሲፈልጋት ይቆይና በመጨረሻ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች እ.ኤ.አ. በ1898 በተነሣችው ፎቶ ላይ ያገኛታል። በመስታወት በተሠራ የአትክልት ቤት ውስጥ፣ ከእንጨት ድልድይ አጠገብ፣ ከወንድሟ ጋር ቆማለች፤ ሕፃናት እንደሚያደርጉት በአንድ እጇ የሌላውን እጇን ጣት ይዛለች። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው፣ በአማርኛ «ብርሃናማው ክፍል» ልንለው የምንችለው መጽሐፉ የብዙ ሰዎችን ፎቶዎች ይዟል። ይህ አንዱ፣ መጽሐፉ የተጻፈበት ፎቶ ግን የለም። ባርት ምክንያቱን አልደበቀም፤ ለእሱ እናቱ ናት፣ ለእኛ ግን ከብዙ አሮጌ ፎቶዎች አንዱ ብቻ ትሆናለች። እሱ ራሱ በፎቶ ውስጥ ሁለት ነገር ይለያል፤ አንደኛው ማንም የተማረ ተመልካች የሚያውቀው ነገር፣ ሁለተኛው ድንገት ወጥቶ አንዱን ተመልካች ብቻ የሚወጋው ነገር ነው። ይህን ሁለተኛውን በአማርኛ «ውጋት» ብለው ደስ ይለኛል፤ ሰው ውጋቱን ያወራዋል እንጂ ለሌላ አያወርሰውም። ፎቶውን አትሞት ቢሆን ኖሮ ያቺን ጣቷን የያዘች ልጅ ዓይናችን ዐይቶ ያልፋት ነበር። በቃል ስለ ሰጠን ግን እያንዳንዳችን የራሳችንን እናት አስገብተን አየናት።

ቨርጂኒያ ዉልፍም ቀደም ብላ፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ ተመሳሳይ ነገር አድርጋለች። ስለ ጦርነትና ስለ ሴቶች በጻፈችው ረጅም መጣጥፍ ውስጥ የስፔን ጦርነት የገደላቸውን ሰዎች ፎቶዎች ደጋግማ ትጠቅሳለች፤ በመጽሐፉ የታተሙት ግን የጄኔራል፣ የዳኛና የሊቀ ጳጳስ የክብር ልብስ ፎቶዎች ናቸው። ሟቾቹን ከዓይን ጠብቃ ሹማምንቱን ለዓይን አቀረበች። ምርጫው ራሱ ሂስ ነው።

በተቃራኒው ጆን በርጀርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጡት የሰባት መጣጥፎች መጽሐፍ ውስጥ ሦስቱ መጣጥፎች ምስል ብቻ ናቸው። ድፍረቱን አደንቃለሁ፤ ሆኖም የሚሠራው ሥዕሎቹን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያይ ላደገ አንባቢ ይመስለኛል። ለእንግዳ ሰው ቃል የሌለው ምስል ዝም ይላል፤ ወይም ባለቤቱ ያልጻፈው ቃል ይለጠፍበታል።

የዚህ ዓይነቱ ቃል የተለጠፈበት አንድ የኛ ልጅ አለ። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሞቱ። የእንግሊዝ ጦር ልጃቸውን ልዑል ዓለማየሁን ይዞ ሲመለስ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ወደ ባሕር በሚወስደው መንገድ ላይ ዐረፉ። በዚያው ክረምት ልጁ አይል ኦፍ ዋይት ደሴት ላይ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜረን ካሜራ ፊት ተቀመጠ፤ ዕድሜው ሰባት ነበር። የዚያ ዘመን የመስታወት ፕሌት ብርሃን የሚቀበለው ቀስ ብሎ ስለ ሆነ ተነሺው ረዘም ላለ ጊዜ ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት። ካሜረን በወቅቱ ሥራቸው ከሚደነቅላቸው ፎቶ አንሺዎች አንዷ ናት፤ ብርሃኑን በልጁ ፊት ላይ ያሳረፈችው በታላቅ ጥበብ ነው። ከፎቶዎቹ በአንዳንዶቹ ላይ ሞግዚቱ ካፒቴን ስፒዲ የሐበሻ ልብስ ለብሶ አብሮት ይታያል። የፎቶው ርእስ ልጁን «የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ» ይለዋል። እውነት ነው፤ ግን አባቱ ከሦስት ወር በፊት መሞታቸውን፣ እናቱ በመንገድ መቅረታቸውን አይናገርም።

በአንድምታ ጉባኤ መምህሩ አንዱን ቃል ከፈታ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ይጨምራል፤ ኋለኛው የፊተኛውን አይሽርም። ይህንን ፎቶም እንደዚያ ማንበብ ይገባናል። የካሜረን ጥበብ ነው፤ አንድም የምርኮ ማሳያ ነው፤ አንድም አባቱንና እናቱን ባንድ ወቅት አጥቶ በማያውቀው ቋንቋ «አትነቃነቅ» የተባለ ሕፃን ነው። ሦስቱም ልክ ናቸው። ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞቶ ዊንድሶር ተቀበረ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ዐፅሙ ለአገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አልተቀበለም። በየመጽሐፉ ይህ ፎቶ ሲታተም ከሥሩ ያለው ቃል የመጀመሪያውን ፍቺ ብቻ ከያዘ፣ ልጁ ዛሬም «አትነቃነቅ» እንደ ተባለ ነው።

መዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» በተባለው እ.ኤ.አ. የ2019 ልብወለዷ ያደረገችው ሙከራ ትልቅ የሚሆነው ከዚህ አንጻር ነው። መጽሐፉ በቀጣዩ ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ ታሪኩ የጣልያን ወረራ ነው። ኤቶሬ የተባለው ወታደር በአለቃው ትእዛዝ ምርኮኞችን ፎቶ ያነሣል፤ ከተነሡት መካከል ሂሩትና አስቴር ይገኛሉ። መዓዛ በምዕራፎቹ መካከል «ፎቶ» የሚል ርእስ እየሰጠች እነዚያን ፎቶዎች በቃል ትጽፋቸዋለች፤ አታሳየንም። የጣልያን ወታደሮች ያነሷቸውን እውነተኛ ፎቶዎች ለዓመታት ስትሰበስብ የኖረች ደራሲ ስለ ሆነች የምታትመው ነገር አጥታ አይደለም። የተዋረደችን ምርኮኛ ፎቶ ብታትም አንባቢው የኤቶሬን ዐይን ይወርስ ነበር። በቃል ሲጻፍ ግን የምናየው ሂሩት ካሜራውን እንዴት እንዳየችው ነው። ቅሬታም አለኝ። በአንዳንዶቹ «ፎቶ» ክፍሎች ቋንቋው ከመጠን በላይ ያማረ ነው፤ ሐዘኑ ጌጥ ይመስላል፤ ባርት ስለ እናቱ ጣት ሲጽፍ የነበረው ቁጥብነት እዚያ ይጎድላል። ይህ ቅሬታ የሥራውን ዋጋ አይቀንስም። መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ መሆኑ ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል።

የኢትዮጵያን የፎቶግራፍ ታሪክ የሚያጠና ሰው ቀድሞ የሚያገኘው ሪቻርድ ፓንክረስትና ደኒ ጄራር እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙትን፣ እ.ኤ.አ. ከ1867 እስከ 1935 ያሉትን ፎቶዎች የያዘውን መጽሐፍ ነው። ትልቅ ሥራ ነው፤ ባለውለታዎቻችን ናቸው። ቃሉ ግን እንግሊዝኛ ነው። የፎቶ መጽሐፎቻችን በአማርኛ የሚሉት ነገር ብዙውን ጊዜ ስምና ዓመት ብቻ ነው።

በአማርኛ ስለ ፎቶ የመጻፍ ልማድ ግን ነበረን። እናቴ ሳጥን ውስጥ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ። ሁለት ልጃገረዶች ከስቱዲዮ መጋረጃ ፊት ቆመዋል፤ አንደኛዋ እናቴ ናት። ፎቶው ከተለጠፈበት አልበም ላይ ሲላጥ የጀርባው ቀለም ግማሹ ጥቁሩ ወረቀት ላይ ቀረ። የሚነበበው «ለማስታወሻ ይሁንሽ፣ ስታዪው እኔን…» የሚለው ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሙጫ። እናቴ ቀሪውን በቃሏ ታውቀዋለች፤ የጓደኛዋንም ስም፣ ፎቶውን የተነሡት ጓደኛዋ ወደ ሌላ ከተማ ልትዛወር ሲሆን መሆኑንም። ያ ጽሑፍ አንድ መስመር ይሁን እንጂ የፎቶ መጣጥፍ ነው። ማን ለማን እንደ ሰጠ፣ ለምን እንደ ተነሡ፣ ምን እንዳይረሳ እንደ ፈለጉ ይናገራል። የጻፉትም ባለቤቶቹ ናቸው።

አሁን የቤተሰብ አልበሞች እየተሰበሰቡ መጽሐፍ መሆን ጀምረዋል፤ በኢንተርኔትም በየቀኑ ይለጠፋሉ። የሚታየው ግን ፊታቸው ነው። አሳታሚዎች በሚቀጥለው መጽሐፋቸው የፎቶውን ጀርባ ከፊቱ ትይዩ ባለው ገጽ እንዲያትሙ፣ ሃያስያንም ጽሑፉን እንደ ሥነ ጽሑፍ እንዲያነቡት እጠይቃለሁ። እናንተም የእናታችሁን ፎቶ በስልክ ስታነሡ ገልብጣችሁ ጀርባውንም አንሡ፤ ከአልበም ከመላጣችሁ በፊት ደግሞ ከኋላው የተጻፈውን የምታውቀውን ሴት ጠይቁ።