ጥቁር ኩል በቀን ይበዛል ያለው ማነው?

የዓይን አኳኳልን የሚያስተምሩ ጽሑፎችንና ቪዲዮዎችን ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ትምህርቱ ሁሉ በሰዓት የተከፋፈለ ነው። ለቢሮ ስስ ቡናማ መስመር፣ ለምሽት ጭስ መስሎ የተደበዘዘ ጥቁር፣ ለእሁድ ደግሞ ምንም ያልተቀባ የሚመስል ቅብ። ለመሆኑ ጥቁር ኩል በቀን «ይበዛል» የተባለው በማን ፊት ተለክቶ ነው? በጠይም ፊት ላይ ያ ቡናማ መስመር ብዙም አይታይም። እናቶቻችን በጠራራ ፀሐይ ገበያ የሚወጡት በጥቁሩ ኩል ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንም ዓይንን የሚያጎሉት በጥቁር መስመር ከበው ነው። ምክሩ የውበት ሕግ ይምሰል እንጂ የቢሮ ሥነ ሥርዓት ነው።

ይህን ስል ግን «የአገር ቤቱ ይሻላል» ብለው ዱቄቱን በሻንጣ ለሚያስመጡ ወገኖች ማጨብጨቤ አይደለም። ባህላዊው ኩል ብዙ ጊዜ የሚፈጨው ጋሌና ከተባለ ድንጋይ ነው፤ ጋሌና ደግሞ የእርሳስና የድኝ ውህድ ነው (መጻፊያውን ሳይሆን መርዛማውን ብረት ማለቴ ነው)። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም ኩልን ለመዋቢያ ቀለምነት አልፈቀደም። እ.ኤ.አ. በ2010 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የጥንት ግብጻውያን ኩል ዓይንን ከበሽታ ሳይከላከል እንዳልቀረ ጽፈዋል እየተባለ ይጠቀሳል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የተፈተነው በላቦራቶሪ፣ በሴሎች ላይ፣ እጅግ በጥቂት መጠን ነው። ትልቅ ሰው እርሳስ የሌለበትን ጥቁር አይላይነር ገዝቶ ያንኑ መስመር ማስመር ይችላል። «ዓይኑ ይጉላ» ተብሎ የሚኳል ሕፃን ግን አይመርጥም፤ ዓይኑን አሽቶ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል፣ እርሳሱም የሚጎዳው ገና በማደግ ላይ ያለውን አንጎሉን ነው።