«ዴሞክራሲ በአሜሪካ» ስለ ፓርቲዎች ያየውና ያመለጠው

የአሜሪካን መንግሥት አሠራር ለማወቅ ለሚፈልግ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ከሚመረጡለት መጻሕፍት አንዱ ፈረንሳዊው አሌክሲ ደ ቶክቪል የጻፈው «ዴሞክራሲ በአሜሪካ» ነው። የመጀመሪያው ክፍል በ1835፥ ሁለተኛው በ1840 ዓ. ም. ታተመ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እጅግ የተመሰገነ ስለ ሆነ ምስጋናውን መድገም አንባቢን ብዙ አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ዜጋ በመንግሥት ሥራ እንዴት እንደሚካፈል፥ ፓርቲም ለዚህ ምን እንደሚረዳ መጽሐፉ የሚያስተምረውን ከሚያሳስተው ለይቶ ማየት ነው።

ቶክቪል አሜሪካ የገባው በሜይ ወር 1831፥ ገና የ25 ዓመት ወጣት ሳለ ነው። ከጓደኛው ከጉስታቭ ደ ቦሞን ጋር የሄደው የወኅኒ ቤቶችን አስተዳደር እንዲመረምር ተልኮ ነበር። ነገር ግን በዘጠኝ ወር ቆይታው ከተላከበት ጉዳይ አልፎ ሕዝቡ ራሱን በራሱ የሚያስተዳድርበትን መንገድ በትጋት መረመረ።

የመጽሐፉ ብርታት በይበልጥ የሚታየው ስለ ኒው ኢንግላንድ ታናናሽ ከተሞች በሚናገርበት ምዕራፍ ነው። ደራሲው እንደሚነግረን ከ2,000 እስከ 3,000 የሚሆን ሰው የሚኖርበት አንድ ከተማ 19 ዋና ዋና ሹመቶች ነበሩት። ግብር የሚተምነው፥ ግብር የሚሰበስበው፥ ትምህርት ቤት የሚጠብቀው፥ መንገድ የሚያስጠግነው፥ ድኾችን የሚረዳው፥ መዝገብ የሚይዘው ሁሉ ከነዋሪዎቹ መካከል ይመረጥ ነበር። አሥር ባለርስቶች አንድ አዲስ ሐሳብ ቢኖራቸው ሕዝቡ እንዲሰበሰብ ለመጠየቅ መብት ነበራቸው፤ ሹማምንቱም እንቢ ማለት አይችሉም ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፥ ሥራው በብዙ እጅ ስለ ተከፋፈለ ሰው ሁሉ የመንግሥትን ጉዳይ እንደ ገዛ ቤቱ ጉዳይ ይቈጥረው ነበር። ተራው ሰው በችሎት ተቀምጦ የሚፈርድበትን የጁሪ ሥርዐትና ዜጎች በፈቃዳቸው የሚያቋቁሟቸውንም ማኅበሮች ደራሲው እንደ ዜግነት ትምህርት ቤት ይመለከታቸዋል። በዚህ ረገድ ፍርዱ እስከ ዛሬ የጸና ነው። ድምፅ መስጠት የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን፥ የከተማን ሒሳብ በየዓመቱ መመርመር ግን ልማድ ይሆናል።

ስለ ፓርቲዎች ወደሚናገረው ምዕራፍ ስንሻገር ግን የደራሲው አስተያየት ይደክማል። እርሱ ፓርቲዎችን ታላላቅና ታናናሽ ብሎ ይከፍላቸዋል፤ ታላላቆቹ ስለ መሠረታዊ ሐሳብ የሚታገሉ፥ ታናናሾቹ ስለ ሹመትና ስለ ጥቅም የሚሻሙ ናቸው። ፌዴራሊስቶችንና የጄፈርሰንን ሪፑብሊካኖች ከታላላቆቹ ይቈጥራል፤ በእርሱ ዘመን ግን አሜሪካ ታላላቅ ፓርቲዎች የሏትም ሲል ይወስናል። እርግጥ ነው፥ ፓርቲን በጥርጣሬ የተመለከተ እርሱ ብቻ አይደለም። በ1787 የተጻፈው ሕገ መንግሥት ስለ ፓርቲ አንድ ቃል አይናገርም፤ ጆርጅ ዋሽንግተንም በ1796 በስንብት መልእክቱ ሕዝቡን ከፓርቲ መንፈስ አስጠንቅቋል።

ጊዜውም አልረዳውም። የፓርቲ መልእክተኞች ከየግዛቱ ተሰብስበው ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረውን ሰው የሚመርጡበት ብሔራዊ ጉባኤ ገና በመጀመር ላይ ነበር። የመጀመሪያውን ጸረ ሜሶን የተባለው ፓርቲ በሴፕቴምበር 1831 በባልቲሞር አደረገ። ዴሞክራቶች ጉባኤያቸውን በዚያው ከተማ ያደረጉት ግን በሜይ 1832፥ ቶክቪል ወደ አገሩ ከተመለሰ ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ከ20 ዓመት በኋላ የሆነው ነገር የደራሲውን ፍርድ አፈረሰው። በማርች 1854 ባርነት ወደ ካንሳስና ወደ ነብራስካ እንዲስፋፋ በር የሚከፍተው ሕግ ገና በምክር ቤት ሳለ፥ በዊስኮንሲን ግዛት በምትገኘው በሪፖን ጥቂት ሰዎች በአንድ ትምህርት ቤት ተሰብስበው አዲስ ፓርቲ ለማቋቋም መከሩ። ይህች ስብሰባ የሪፑብሊካን ፓርቲ መነሻ ሆነው ከሚቈጠሩት አንዷ ናት። ፓርቲው በ1860 አብርሃም ሊንከንን አስመረጠ፤ በ1861 የርስ በርስ ጦርነት ተነሣ፤ በ1865 ባርነት በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተሻረ። ቶክቪል ስለ ባርነትና ስለ ዘር ጥል የጻፈው ረጅም ምዕራፍ ብዙ አደጋ አስቀድሞ ያየ ነው። ሆኖም የሩቁ ታላቅ ፓርቲ እርሱ ራሱ ካመሰገነው ዓይነት ታናሽ ስብሰባ ሊወለድ እንደሚችል አላሰበም። የከተማውን ስብሰባ በአንድ ምዕራፍ፥ ፓርቲውን በሌላ ምዕራፍ ለያይቶ አስቀመጣቸው።

ታናሹ ስብሰባም ብቻውን በቂ አይደለም። በ1870 የጸደቀው ማሻሻያ በዘር ምክንያት የመምረጥ መብት እንዳይከለከል ቢያዝም፥ በደቡብ ግዛቶች የአካባቢው ሹማምንት ጥቁሮችን ለብዙ ዘመን ከምርጫ አገዱ። በሩን ለመክፈት የሕዝብ ትግልና በ1965 የወጣው የመላው አገር ሕግ አስፈልገዋል። የሴቶችም መብት በሕገ መንግሥቱ የገባው በ1920 ነው።

ፓርቲም በበኩሉ ሕዝቡ ካልገባበት የጥቂቶች ጓዳ ሆኖ ይቀራል። ዊስኮንሲን በ1903 ባወጣው ሕግ የፓርቲ እጩ በሕዝብ ቅድመ ምርጫ እንዲለይ ደነገገ፤ ለፕሬዚዳንትነት ግን የፓርቲ አለቆች ሥልጣን ብዙ ዘመን ቆየ። በ1968 ሂዩበርት ሃምፍሪ በቅድመ ምርጫዎች ሳይወዳደር የዴሞክራቶች እጩ ስለ ሆነ ቍጣ ተነሣ፤ ፓርቲውም ደንቡን አሻሻለ፤ ከ1972 ጀምሮ ቅድመ ምርጫ ዋናው መንገድ ሆነ። በአሜሪካ የፓርቲ ወገን ለመሆን መዋጮ መክፈል ግዴታ አይደለም። በብዙ ግዛቶች መራጩ ሲመዘገብ ፓርቲውን ያስታውቃል፤ በሌሎቹ ይህም አይጠየቅም። እንግዲህ በሩ ሰፊ ነው፤ ነገር ግን በቅድመ ምርጫ ቀን ቤቱ የሚቀር ሰው በዋናው ምርጫ የሚያገኘው ሌሎች የመረጡለትን ነው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት «ዴሞክራሲ በአሜሪካ» ሊነበብ የሚገባው መጽሐፍ ነው፤ የሚያስተምረውም መምህር ሁለቱን ምዕራፎች አጣምሮ ቢያስነብብ ይጠቅማል። ተማሪው የከተማውን ስብሰባ ብቻ ካነበበ የአካባቢ ሹም ሲበድል የሚታረምበትን መንገድ አያገኝም። ስለ ፓርቲ የተጻፈውን ብቻ ካነበበ ደግሞ ፓርቲ ሁሉ የሹመት ሽሚያ ይመስለዋል፤ እንዲህ ያሰበ ሰው ስብሰባውን ለሚሻሙት ትቶ ይሄዳል።