የእስክንድር ፍጡራንና ዐይናቸው

የእስክንድር ቦጎሲያንን ሥዕሎች «ሕልም መሰል» ማለት የተለመደ ነው። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም ብዙ ነገር ያስቀራል። እ.ኤ.አ. በ1964 በሣለው «የሥጋትና የደስታ የሌሊት በረራ» ላይ ክንፋም ፍጡራን በጨለማ ሕዋ ይንሳፈፋሉ፤ ሰውነታቸውን ከወፍነታቸው መለየት ያስቸግራል። ሠዓሊው ፓሪስ ሳለ ከዊፍሬዶ ላምና ከሱሪያሊስቶች የቀሰመው መኖሩ ግልጽ ነው። ዐይኖቹ ግን ከሌላ ምንጭ የተቀዱ ናቸው ባይ ነኝ። በታማሚው ቁመት ልክ በሚዘጋጀው የደብተራ ክታብ ላይ ያለው ዐይን ጋኔኑን እንዲያስፈራ የተሣለ ነው። የእስክንድር ፍጡራንም በተመልካቹ ላይ ያፈጣሉ።

በእኛ ትምህርት ክፍሎች የለመድነው የ«ሰምና ወርቅ» አነባበብ እዚህ ላይ አያዋጣም። ወፏ የሌላ ነገር ሰም አይደለችም፤ ወፍም ናት፣ ሰውም ናት። ቅኔ የለመደ አንባቢ (እኔንም ጨምሮ) ወርቁን ሲያሳድድ ቀለሙን ሳያየው ያልፋል።

ቀለሙንስ የት ያየዋል? ሥዕሉ ሰሜን ካሮላይና ነው፤ በዚያው ዓመት የተሠራው «የጁጁ ሠርግ» ደግሞ ኒውዮርክ። ይህ ሁለተኛው በተቀደደ ካርቶን ላይ በብረታማ ቀለም የተሠራ ነው። ሀዋሳ ላይ ለተማሪዎቻችን በምናሳየው ቅጂ ግን ያ ብልጭታ ግራጫ ሆኖ ይቀራል።