ሥራን መከፋፈልና ኃላፊነትን መጋራት፤ ስለ ሐመርና ሻምፒ መጽሐፍ የቀረበ ትችት

በአንድ ኩባንያ ውስጥ ያሉ ክፍሎች አንዱ ሌላውን ሲወቅስ፥ ባለጉዳይም ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲንከራተት የሚታየው ለምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች መካከል የማይክል ሐመርንና የጄምስ ሻምፒን መልስ ያህል ዝና ያተረፈ ጥቂት ነው። ሁለቱ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1993 «ሪኢንጂነሪንግ ዘ ኮርፖሬሽን» በሚል ርእስ ያወጡት መጽሐፍ ሐሳቡ ወደ አገራችንም ገብቶ፥ «መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ» ተብሎ ብዙ መሥሪያ ቤቶች መዋቅራቸውን ለውጠውበታል። ስለዚህ መጽሐፉን መመርመር የሩቅ አገር ነገር ማንሣት ብቻ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መጽሐፉ ሕመሙን በትክክል ማወቁን፥ ነገር ግን ከራሱ ምሳሌ የሚገኘውን ዋና ትምህርት ሳያወጣ ማለፉን ማሳየት ነው።

የደራስያኑ ክርክር በአጭሩ እንዲህ ነው። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ፥ ዐሥር ሠራተኞች የስፒልን ሥራ ተከፋፍለው ሲሠሩ በቀን 48,000 ስፒል ሊያወጡ እንደሚችሉ አመለከተ። ኩባንያዎችም ይህን ተከትለው የቢሮን ሥራ ሳይቀር እየቆራረጡ ለየክፍሉ አደሉት። ከዚህም የተነሣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ቍራጭ እንጂ የደንበኛውን ጉዳይ የማያይ ሆነ። መድኃኒቱ ክፍሎቹ እንዲስማሙ መለመን ሳይሆን፥ ሥራውን ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድ ሂደት አድርጎ ለአንድ ባለቤት መስጠት ነው ይላሉ።

ለዚህ ከሚያቀርቧቸው ማስረጃዎች አንዱ አይ.ቢ.ኤም. ክሬዲት የተባለው፥ ለኮምፒዩተር ገዢዎች ብድር የሚሰጥ ኩባንያ ነው። የብድር ጥያቄው ከክፍል ክፍል ሲዘዋወር አንድ ሳምንት ያህል፥ አንዳንድ ጊዜም ሁለት ሳምንት ይፈጅ ነበር። ኩባንያው በመጀመሪያ ወረቀቱ የት እንደ ደረሰ የሚከታተል አንድ ጠረጴዛ አቆመ፤ ወረቀቱ የት እንዳለ ታወቀ፥ ጊዜው ግን ይባስ ረዘመ። ኋላ ሁለት ኃላፊዎች አንድ ማመልከቻ ይዘው በየክፍሉ ቢዞሩና ወዲያው እንዲታይ ቢያደርጉ፥ ትክክለኛው ሥራ 90 ደቂቃ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረው ወረቀቱ ተራ ሲጠብቅ የሚያልፍ ጊዜ ነበር። ይህ የመጽሐፉ ክፍል ሊመሰገን ይገባል፤ መዘግየቱ ከሠራተኛው ስንፍና ሳይሆን ከአሠራሩ እንደ መጣ በግልጥ ያሳያልና። በኋላም ጉዳዩን አንድ ሠራተኛ በኮምፒዩተር እየታገዘ ከዳር እስከ ዳር እንዲፈጽመው ተደረገ፤ ጊዜውም ወደ አራት ሰዓት ወረደ።

ሁለተኛው ምሳሌ የፎርድ ነው። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን አሜሪካ ለዕቃ አቅራቢዎች ሒሳብ የሚከፍሉ ከ500 በላይ ሠራተኞች ነበሩት። ቍጥሩን በኮምፒዩተር ረዳትነት ወደ 400 ለማውረድ ሲያስብ፥ እርሱ ራሱ ድርሻ ያለበት የጃፓኑ ማዝዳ ይህንኑ ሥራ በ5 ሰዎች እንደሚሠራ ተረዳ። ማዝዳ አነስተኛ መሆኑ ቢታሰብ እንኳ ልዩነቱ የሚያስደንቅ ነበር። ምክንያቱም ይህ ነው፤ ግዢ ክፍል የትእዛዙን ቅጂ፥ ዕቃ ተረካቢው የገቢ ሰነዱን፥ ሻጩ ደግሞ ፋክቱሩን ለሒሳብ ክፍል ይልካሉ። ሦስቱ ከተስማሙ ይከፈላል፤ ካልተስማሙ ግን ስሕተቱን የሠራው ሌላ፥ ስሕተቱን የሚፈልገው ሌላ ነው። በአገራችን ሞዴል 19ን ከግዢ ሰነድ ጋር ሲያመሳክር የዋለ የሒሳብ ሠራተኛ ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በአዲሱ አሠራር ግዢ ክፍል ትእዛዙን በአንድ የጋራ የኮምፒዩተር መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ዕቃው ሲደርስ ተረካቢው መዝገቡን ያያል፤ ከተስማማ ይረከባል፥ ክፍያውም በዚያው ይታዘዛል፤ ካልተስማማ ዕቃውን ይመልሳል። ፋክቱር መጠበቅ ቀረ፤ የሒሳብ ሠራተኞቹም ቍጥር ወደ 125 ያህል ወረደ።

ደራስያኑ ይህን የሚጠቅሱት አንድን ክፍል ለብቻው ማደስ እንደማይበቃ፥ መታደስ ያለበት ሂደቱ መሆኑን ለማስረዳት ነው፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን በፎርድ ግዢ ክፍል ግዢ ክፍል እንደ ሆነ፥ ተረካቢውም ተረካቢ እንደ ሆነ ቀርቷል። ሥራው ለአንድ ሰው አልተጠቀለለም። የተለወጠው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ፥ ክፍሎቹ የየራሳቸውን ወረቀት መያዛቸው ቀርቶ አንድ መዝገብ ተጋሩ። ሁለተኛ፥ ስሕተቱን መጀመሪያ በዓይኑ የሚያየው ሰው እዚያው ለመግታት ሥልጣን አገኘ። ግዢ ክፍል መዝገቡን ቢያበላሽ ያዘዘው ዕቃ ከበር ይመለሳል፤ ጥፋቱ በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ አይከርምም። ክፍሎች ሳይፈርሱ ኃላፊነትን መጋራት የሚቻለው እንዲህ ነው። መጽሐፉ ግን ይህን ሳይመረምረው ያልፋል።

ሌላው ጉድለት ሰውን የሚመለከት ነው። ደራስያኑ ራሳቸው ለውጡን ከጀመሩት ድርጅቶች ከ50 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ያሰቡትን ታላቅ ውጤት እንደማያገኙ በግምት ጽፈዋል። ሐመርም እ.ኤ.አ. በ1996 በመሐንዲስነት ልማዱ የሰውን ነገር በሚገባ እንዳልመዘነ ለጋዜጣ አምኗል። ከ500 ወደ 125 የሚለውን ቍጥር ስናነብ ከክፍሉ የወጡት ሰዎች የት እንደ ገቡ አንጠይቅም፤ በሥራው ላይ ያለው ሠራተኛ ግን ይጠይቃል። የአሠራሩን ጉድለት ቢገልጥ የራሱ ቦታ እንደሚታጠፍ የሚያምን ሰው ከጎረቤት ክፍል ጋር በግልጥ ሊመካከር አይችልም።

በአገራችን የሆነው ይህን አጉልቶ ያሳያል። በ1990ዎቹ ማብቂያና በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በብዙ መሥሪያ ቤቶች «መምሪያ» ይባል የነበረው «ዋና የሥራ ሂደት» ወይም «ደጋፊ የሥራ ሂደት» ተባለ፤ ኃላፊውም «የሥራ ሂደት ባለቤት» ሆነ። በአንዳንድ ቦታ ባለጉዳይ በአንድ መስኮት ለመስተናገድ መብቃቱ አይካድም። በሌላ ቦታ ግን የተለወጠው በበሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ነበር፤ ግዢ፥ ሒሳብና ንብረት የየራሳቸውን መዝገብ እንደ ያዙ፥ በየራሳቸውም ዕቅድ ብቻ እየተመዘኑ ቀጠሉ። ሂደት ከክፍል ክፍል የሚሻገር ሥራ መሆኑ ተረስቶ፥ ሂደት ራሱ የክፍል ስም ሆነ። ለአዲሱ መዋቅር እንደ አዲስ ተወዳድሮ የሚመደብ ሠራተኛም ሐሳቡ ከባለጉዳዩ ይልቅ በወንበሩ ላይ ቢያድር አይፈረድበትም።

ስለ ትብብር ሲነገር «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት ይጠቀሳል። ተረቱ ሸክምን ስለ መከፋፈል ያስተምራል፤ አንድ ሎሚ ቢጎድል ማን እንደሚጠየቅ ግን አይናገርም። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ መዋቅር ሲቀርብልን ሦስት ነገር ብንጠይቅ ይበጃል፤ ክፍሎቹ የሚያዩት መዝገብ አንድ ነው ወይስ ብዙ? ስሕተቱን መጀመሪያ የሚያየው ሠራተኛ፥ ደረጃው ዝቅ ያለ ቢሆንም፥ ለመግታት ሥልጣን አለው? የክፍሉ ሹም የሚመዘነው በራሱ ዕቅድ ብቻ ነው ወይስ የባለጉዳዩ ጉዳይ በመፈጸሙም ጭምር? ለእነዚህ መልስ የሌለው መዋቅር፥ ስሙ ምንም ያህል ቢያምር፥ ባለጉዳዩን ከመንከራተት አያድነውም።