የቱቶ ፈላ ጉብታ

ቱቶ ፈላ የሚደርስ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በትክል ድንጋዮቹ ላይ ነው። ተገቢም ነው፤ ወደ 300 የሚጠጉ ናቸውና። እኔ ግን ድንጋዮቹ የቆሙበት ጉብታ ራሱ ጊዜ ተሰጥቶት ቢታይ እወዳለሁ። ከዲላ በስተደቡብ፣ በጌዴኦ ምድር፣ እንሰትና ቡና በተቃቀፉበት ደጋ ላይ ያለው ይህ የአፈርና የድንጋይ ቁልል የሰው እጅ ሥራ ነው። መቃብር በመቃብር ላይ እየተደረበ አድጓል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የፈረንሳዩ አርኪዮሎጂስት ሮዤ ዡሶም ከባልደረቦቹ ጋር ሲቆፍረው ሁለት ዘመን ተነባብሮ አገኘ። ከታች ወደ መሬት ጠልቀው የተቆፈሩ መቃብሮች አሉ፤ ከነሱ በላይ ሌላ ትውልድ የራሱን ሙታን ቀብሯል። የጌዴኦን ዝናብ ለሚያውቅ ሰው ቁልሉ እስከ ዛሬ መቆየቱ ትልቅ ነገር ነው። ባዶ አፈር ቢሆን ኖሮ ጎርፍ በጠረገው ነበር። ድንጋዩ ግን አፈሩን ይይዛል፣ ውሃውንም ያሳልፋል።

አሁን ወደ አንዱ ትክል ድንጋይ ጠጋ እንበል። በመጀመሪያው ዘመን የቆሙት የወንድ ብልት ቅርጽ ያላቸው ክብ ዓምዶች ነበሩ። በኋላ የመጡት ጠራቢዎች ከነዚህ አንዳንዶቹን መልሰው ቀርጸው ሰው አደረጓቸው፤ ዓይን፣ አፍንጫ፣ ክንድ አወጡላቸው። አሮጌ ካፖርት ለሌላ ሰው የሚያስተካክል ልብስ ሰፊ ቢጎድልበት ጨርቅ ይቀጥላል፤ ድንጋይ ጠራቢ ግን የሚቀጥለው የለውም። የሚችለው መቀነስ ብቻ ነው።

ደግሞም የሚቀርጸው በዝርግ ሰሌዳ ላይ አይደለም። ክንድ የሚሆነው ጭረት ከዓምዱ ጎን ተነሥቶ፣ ክቡን ተከትሎ፣ ወደ ፊት መዞር አለበት። ጭረቱ ጥልቀት ካነሰው ቀትር ላይ ከዓይን ይጠፋል። እነዚህን ቅርጾች ማየት የሚፈልግ ሰው ፀሐይ ከጎን በምትመታበት በማለዳ ወይም ወደ ማታ ቢሄድ ይሻላል፤ ያኔ ጥላ እያንዳንዱን ጭረት ይሞላዋል፣ ፊቱም ይወጣል።

ወደ ጨለለቅቱ በኩል ያለው ጨልባ ቱቲቲ ሌላ ነገር ነው። እዚያ የሚገዛው ፊት ሳይሆን ቁመት ነው፤ ከሰው ቁመት በብዙ የሚበልጡ፣ ዙሪያቸው በትዕግሥት ተቀጥቅጦ የለዘበ ዓምዶች ናቸው። የረጅም ዓምድን ውፍረት ከሥር እስከ ጫፍ ሳያዛቡ ማውጣት ፊት ከመቅረጽ የሚያንስ ጥበብ አይመስለኝም። ለነዚህ የጌዴኦ ድንጋዮች ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረው ዕድሜ ወደ አንድ ሺህ ዓመት ግድም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የራዲዮካርቦን ጥናት ግን ሳካሮ ሶዶ የተባለውን ሥፍራ ወደ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን መለሰው።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ እነዚህ ሥፍራዎችም አብረው ገብተዋል። ጎብኚ መብዛቱ ደስ ይለኛል። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የእግር መንገዱ በጉብታው ዙሪያ ይሁን እንጂ በላዩ አይለፍ። ከቁልሉ የምትንሸራተት እያንዳንዷ ድንጋይ አንድ ሰው በአንድ ቀብር ላይ አስቦ ያኖራት ናት፤ ቦታዋን ከለቀቀች በኋላ የት እንደነበረች የሚናገር አይገኝም።