አራት መስመር እንዶድ

ባለፈው ሰሞን የእህቴን ልጅ ደብተር ሳገላብጥ አንድ ገጽ ላይ ቆምኩ። ልጅቱ ስድስተኛ ክፍል ናት። ጽሕፈቷ ያምራል፤ ርዕሱን በቀይ አስምራበታለች። ከርዕሱ ሥር አራት መስመር ሰፍሯል፦ «እንዶድ የቢልሃርዝያ መድኃኒት ነው። ያገኙት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። የተገኘው አድዋ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1964 ነው።» ከጎኑ የመምህሩ የ«ራይት» ምልክት ጉብ ብሏል።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝ። በእነዚህ ገጾች ላይ ስጽፍ የኖርኩት ስለ ልቦለድና ስለ ግጥም ነው። ዛሬ የምሔሰው ግን እነዚህን አራት መስመሮች ነው። ሥራዬ አንድ ታሪክ እንዴት እንደተተረከ መመርመር ከሆነ ይህም ትረካ ነው፤ ያውም የትኛውም ልቦለዳችን የማያገኘው ብዛት ያለው አንባቢ በየዓመቱ በቃሉ የሚያጠናው። አተራረኩ ደግሞ ክፉ ነው።

ከመጀመሪያው መስመር ልነሣ። ስሕተት ነው። እንዶድ ቢልሃርዝያ የያዘውን ሰው አያድንም። እንዶድ የሚገድለው ቀንድ አውጣ ነው። በአድዋው ዓይነት ቢልሃርዝያ የትሉ እንቁላል ከበሽተኛው ሰገራ ጋር ወንዝ ይገባል። እዚያ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው እጭ በቶሎ ተስማሚ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል፤ ካገኘ ግን ቀንድ አውጣው ሆድ ውስጥ ተራብቶ ይወጣና ወንዝ የወረደውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። እንዶድ ይህን ሰንሰለት መሀሉ ላይ ይበጥሰዋል። ሰንሰለቱን የማያውቅ ተማሪ አክሊሉ ምን እንዳዩ ሊገባው አይችልም። ልብስ የሚታጠብበት ወንዝ ዳር የሞተ ቀንድ አውጣ ከእርሳቸው በፊት ብዙ ሰው ሳያየው አልቀረም። የሞተ ቀንድ አውጣ ወሬ የሚሆነው ቀንድ አውጣው ምን እንደተሸከመ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ «የተገኘው» በምትለው ግሥ ላይ ነው። የጠፋ ቁልፍ ይገኛል፤ አልጋ ሥር ወድቆ ይገኛል። አክሊሉ ወንዙ ዳር ያደረጉት ከማግኘት የራቀ ነው። ሴቶቹ በእንዶድ አረፋ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ከዚያ ከላይ በኩል፣ አረፋው ካልደረሰበት ውሃ፣ ሕያው ቀንድ አውጣዎች ለቅመው ዕቃ ውስጥ ጨመሩና ከሴቶቹ አንዷን ከአረፋዋ ጥቂት ጠብ እንድታደርግላቸው ለመኑ። በደቂቃዎች ውስጥ ሞቱ። ታሪኩ ያለው «ከላይ በኩል» በምትለው ቃል ላይ ነው። ለምን ከላይ? ለምን ሕያዋኑን? ቀንድ አውጣዎቹን የገደለው የልብሱ እድፍ፣ ወይም የውሃው ሙቀት ሊሆን አይችልም ነበር? ተማሪ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ካልጠየቀ ዘመኑንና ቦታውን ቢሸመድድ ምን ይረባዋል?

ከዚህ ቀጥሎ የመጣውን ጽሑፍ ርዕሱን ብቻ ብናነበው ይበቃናል። እ.ኤ.አ. በ1965 አክሊሉ ግኝታቸውን በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ሲያወጡ ሥራቸውን የሰየሙት «የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት» ብለው ነው። ስለ አርእስት ብዙ የተከራከርኩ ሰው ነኝና ይህን አርእስት እወደዋለሁ። ደራሲው ገና በሩ ላይ ቆሞ «ይህ የመጨረሻው ቃል አይደለም፤ ፈትኑት» ይላል። የእህቴ ልጅ ደብተር ላይ ያለው «ነው» ግን ነጥብ ነው። ከነጥቡ ወዲያ መንገድ የለም።

እዚህ ላይ የራሴን ልንገር። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ፔንዱለም አወዛውዘን የምድርን ስበት እንድንለካ ታዘዝን። አንድ ሜትር ሲባጎ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ፣ የጓደኛዬ አባት የእጅ ሰዓት። ሃያ ውዝዋዜ ቆጠርን፣ አሰላን፣ 9.2 መጣ። ደገምነው፤ ያው 9.2 ሆነ። መምህሩ ወረቀታችንን አየት አድርገው «መጽሐፉ 9.8 ይላል፤ አስተካክሉ» አሉን። አስተካከልን። ከመልሱ ተነሥተን ወደ ኋላ እያሰላን፣ ያልለካነውን ጊዜ ፈጥረን ጻፍን። አሥር ከአሥር አገኘን። ሲባጎውን የለካነው እስከ ቋጠሮው ድረስ እንደነበረ የገባኝ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። መለካት የነበረብን እስከ ድንጋዩ ወገብ ነበር። ስድስት ሳንቲሜትር ያህል ጎድሎናል፤ 9.8ትን ወደ 9.2 የሚያወርደውም ያው ስድስት ሳንቲሜትር ነው። ሰዓቱም እኛም አልዋሸንም ነበር። መዋሸት የጀመርነው «አስተካክሉ» ከተባልን ወዲህ ነው። (መምህሩን አልወቅሳቸውም፤ እርሳቸውንም ያስተማራቸው ሌላ «አስተካክሉ» ባይ ሳይሆን አይቀርም።) ስድሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ቤተ ሙከራ ከየት ይመጣል የሚሉኝ አሉ። ሲባጎና ድንጋይ ግን ከየትም ይመጣል።

ወደ እንዶድ ልመለስ፤ የታሪኩ ዋና ምዕራፍ ገና አልተነካም። ቀንድ አውጣ ብርጭቆ ውስጥ መሞቱ አንድ ነገር ነው፤ የአንድ ከተማ ሕዝብ ከበሽታ መዳኑ ሌላ ነው። በመሀላቸው ገደል አለ። ያንን ገደል ለመሻገር ከ1969 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሙከራ ተደረገ። ወንዞቹ በእንዶድ ታከሙ፤ የሕዝቡም ሰገራ ተመረመረ። እኔን ያስደነቀኝ ተመራማሪዎቹ ዓይናቸውን የጣሉበት ቦታ ነው፦ ትናንሽ ልጆች ላይ። ትሉ በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ሊኖር ስለሚችል አዋቂው ላይ የሚታየው በሽታ የዱሮ ውሃ ይሁን የዘንድሮ ውሃ አይለይም። በቅርቡ የተወለደ ልጅ ላይ የሚታየው ግን የዘንድሮው ውሃ ብቻ ነው። በእነዚህ ሕፃናት መካከል የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ገደማ ዝቅ አሉ። ከቁጥሩ ይልቅ እኔ የምደነቀው ልጆቹን ለመመርመር በታሰበው ሐሳብ ነው፤ ደብተሩ ላይ ግን አንዱም የለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን አዋቂዎቻችን እናውቀዋለን፤ በቁጭትም እናወራዋለን። የእንዶድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ ሳይቀር ታትሟል። ይሁን እንጂ ዕፁ ተቀባይነት ሳያገኝ ዓመታት ነጎዱ። በውድ ዋጋ ከውጭ የሚመጣው ኬሚካል ገበያውን ይዞ ቆየ። የመርዛማነቱ ምርመራ እንደገና፣ በባዕድ ቤተ ሙከራ መሠራት ነበረበት። አክሊሉ በአፍሪካ ምድር በአፍሪካውያን የተሠራ ሳይንስ አይታመንም ሲሉ አማርረዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተካፈሉ። በ1997 እ.ኤ.አ. አረፉ። ዛሬ ለበሽታው በዋናነት የሚታደለው ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ነው።

ቁጭቱን እጋራለሁ። ሆኖም ቁጭታችን ሁለት ጥርጣሬዎችን በአንድ ቋት ያቦካል። እንዶድ ቀንድ አውጣውን ብቻ ሳይሆን ዓሣንም ይገድላል፤ ታዲያ ወንዝ ውስጥ ሲደፋ ሌላው ፍጥረት ምን ይሁን? ኃይሉ ከተክል ተክል ለምን ይለያያል? ሰውንስ ይጎዳ ይሆን? እነዚህ ማንም ሊጠይቃቸው የሚገባ ጥያቄዎች ናቸው። ለገሰ ወልደ ዮሐንስ የእንዶድ ዓይነቶችን ሲያወዳድሩና «ዓይነት 44» የተባለውን ሲመርጡ የኖሩት ከእነዚህ ለአንዱ መልስ ፍለጋ ነው። ሁለተኛው ጥርጣሬ «ማን ነው ያለው? የት ሆኖ ነው ያለው?» ይላል። ይህ ንቀት ነው። የመጀመሪያው ነገሩን ይመረምራል፤ ሁለተኛው የተናጋሪውን አገር ይመረምራል። ልጆቻችንን «አገኙ፣ ናቁን» ብለን ብቻ ካሳደግናቸው፣ ነገ በሥራቸው ላይ ትክክለኛ ጥያቄ ሲነሣ ሁሉንም ንቀት ይሉታል፤ እውነተኛው ንቀት ሲመጣ ደግሞ በምን እንደሚመልሱት አያውቁም። አክሊሉ ንቀቱን ለይተው ሊያወግዙ የቻሉት የመጀመሪያውን ጥርጣሬ ማንም ሳይጠይቃቸው በራሳቸው ላይ ስላነሡት ነው። በዚያች ከላይ በኩል በተለቀመች ቀንድ አውጣ ጀመሩት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይህን ሁሉ ለልጅቱ ነገርኳት። ስለ ወንዙ፣ ስለ ዕቃው፣ ስለ ትናንሾቹ ልጆች። መጀመሪያ ላይ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፈተና ላይ አይመጣም» አለችኝ። ከ50 ወደ 7 ስል ግን ዝም ብላ ቆየች።

«ጋሼ፣ የሌላ ከተማ ልጆችንስ አይተዋል?»

«እንዴት ማለት?»

«እንዶድ ያልተደረገበት ከተማ። እነሱም ዝም ብሎ ቀንሶላቸው ቢሆንስ?»

መልስ አልሰጠኋትም፤ ጻፊው አልኳት። ከአራቱ መስመሮች ሥር በእርሳስ ጻፈችው። ሌላው በሙሉ በእስክሪብቶ ስለሆነ ለምን በእርሳስ እንደጻፈች ጠየቅኳት። ቲቸር ካልወደደው ለማጥፋት እንዲመቸኝ ነው አለችኝ።