ሁለት ዘመን የታተመበት ሽጉጥ

የጀርመን የምድር ጦር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 የደንብ መሣሪያው ያደረገው ሉገር የተባለው ሽጉጥ፣ ከፋብሪካ እንደ ወጣ እጅ ሳይነካው የቆየ ካልሆነ በቀር ዋጋ እንደሌለው አድርገው የሚቈጥሩ ሰብሳቢዎች ብዙዎች ናቸው። እኔ በዚህ ፍርድ አልተባበርም። በመንግሥት ትእዛዝ በሥርዓት የታደሰ መሣሪያ ሁለተኛ ታሪኩን በገዛ ብረቱ ላይ ጽፎ የያዘ ስለሆነ ክብር ይገባዋል፤ ሊነቀፍ የሚገባው ይህን ጽሕፈት ለመሰወር በነጋዴ እጅ ተፍቆ እንደ አዲስ የተቀባው ነው። የመርማሪው ድካም ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ ነው።

ምርመራው ከአኃዝ ይጀምራል። በበርሊን በዲ.ደብልዩ.ኤም. ፋብሪካም ሆነ በኤርፉርት በፕሩስያ መንግሥት የመሣሪያ መሥሪያ ቤት፣ ሙሉው ቍጥር በሽጉጡ አካልና በአፈሙዙ ላይ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ደግሞ በቃታው፣ በጎን ክዳኑና እንደ ጉልበት በሚተጣጠፈው መዝጊያ ላይ ይታተሙ ነበር። የኤርፉርት ተቆጣጣሪዎችማ ጥቃቅኑን ክፍል ሳይቀር በዘውድ ምልክት ያትሙ ነበርና፣ ዘውድ የሌለበት ባዕድ ክፍል በመካከላቸው ሲገኝ ፈጥኖ ይታወቃል። ቍጥሩ ግን በየዓመቱ ከአንድ እየጀመረ፣ ወደ ዐሥር ሺሕ ሲደርስም ፊደል እየተጨመረለት ይቀጥል ስለነበር፣ ፋብሪካውና ዓመቱ ሳይታወቁ ቍጥሩ ብቻውን ምስክር አይሆንም።

ከጥይት ማደሪያው በላይ 1917 እና 1920 በአንድነት ታትመው ሲገኙ ግን ነገሩ ይጠልቃል። በ1919 የተፈረመው የቬርሳይ ውል የጀርመንን ጦር በ100,000 ሰው ስለ ወሰነው፣ መንግሥት የራሱን ንብረት በሕዝብ እጅ ከቀረው ለመለየት 1920 የሚለውን አኃዝ በመሣሪያዎቹ ላይ አሳተመ፤ በዚያው ዘመን ለመድፈኞች የተሠራው ባለ 200 ሚሊሜትር አፈሙዝ ሉገር በብዛት ወደ 100 ሚሊሜትር ተለወጠ። ረጅሙ አፈሙዝ የራሱን የኋላ ማነጣጠሪያ ተሸክሞ ይኖር ስለነበር፣ ለእርሱ ቦታ ለመስጠት በላይኛው አካል ፊት ላይ የተፈለፈለችው እርከን አፈሙዙ ከተለወጠም በኋላ አትጠፋም። ይህችን እርከን ባየሁ ቍጥር ሽጉጡን ገልብጬ አፈሙዙ ከአካሉ ጋር ከሚጋጠምበት በታች ያለችውን ቀጭን ጭረት በአጉሊ መነጽር እመለከታለሁ። ጭረቷ ሁለቱን ብረቶች አቋርጣ በአንድ ምት የተሠመረች ናትና፣ ግማሿ ከግማሿ ሳትገጥም ስትቀር ወይም አጠገቧ ሌላ ጭረት ሲታይ፣ አፈሙዙ ሌላ እንደ ነበረ ከማንም ጥያቄ በፊት ትመሰክራለች።

ቀለሙ ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። በዚያ ዘመን ብረቱ በውሁድ ቀስ ብሎ እንዲዝግ ተደርጎ ዝገቱ በፈላ ውኃ ወደ ጥቁር ሰማያዊነት ይለወጥ ነበር፤ ቃታውና የደኅንነት ቍልፉ ግን በእሳት ግለት ገለባማ ቢጫ መልክ ያገኙ ነበር። ስለዚህ የ1917 ሽጉጥ ቃታው ሳይቀር እንደ አካሉ የጠቈረ ሆኖ ሲገኝ፣ ሁሉ በአንድነት በሙቅ ጨው ተነክሮ እንደ ወጣ ይታወቃል፤ ሶቭየቶች በሁለተኛው ዓለም ጦርነት የማረኳቸው ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። የነጋዴው ሥራ ከዚህ ይለያል። እርሱ ገለባማውን ቀለም መልሶ ይቀባል፤ ነገር ግን እውነተኛው ቀለም ጣት በሚያርፍበት ሲሳሳ፣ የእርሱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ያበራል፤ ዝገት በቈፈራቸው ጕድጓዶች ውስጥ እንኳ ገብቶ ይገኛል። መሞረድ የበዛበት የማኅተም ፊደልም ጠርዙ ይዶለዱማል፤ የብሎን ቀዳዳዎች አፍ እንደ ሳሕን ይሰረጕዳል።

በጥንቱ ብረት ላይ እንዲህ ያለ እጅ ሲያርፍ ማየት ያሳዝነኛል፤ የተፋቀው ማኅተም አይመለስምና። በዙል ከተማ የነበረው የሲምሶን ፋብሪካ በ1920ዎቹ ለጦሩ ያደሳቸውን፣ ኋላም የምሥራቅ ጀርመን ሕዝባዊ ፖሊስ አፈሙዝ ለውጦ ክብ በክብ የተቀረጸበት የፕላስቲክ እጀታ የገጠመላቸውን ሉገሮች ስመዘግብ፣ የመጀመሪያውን ፋብሪካና አዳሹን በአንድ መስመር አጠገብ ላጠገብ እጽፋቸዋለሁ፤ የጥይት ካርታው ላይ ያለው ቍጥር ከአካሉ ጋር ባይገጥምም፣ ሁለቱንም ቍጥሮች እንዳሉ እገለብጣለሁ።